ድስቱን ውጪ አታሳድሩት

11 ዓመት ድግስ ሳበስል ኖሬያለሁ። አዲስ ልጅ ወጥ ቤት በገባ ቁጥር የማየው ጥፋት ያው ነው፤ ዛሬ ይውጣልኝ።

ማታ ወጡ ይበስላል። «ትኩስ ነገር ፍሪጅ ያበላሻል፣ ሲቀዘቅዝ አስገባዋለሁ» ይባልና ክዳኑ ተገጥሞ ሰው ይተኛል። ጠዋት ከላይ ሲያዩት ቅቤው ረግቷል። ጭልፋውን እስከ ታች ክተቱት እስቲ፣ መሀሉ ገና ለብ እንዳለ ነው! ባክቴሪያ በደንብ የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፤ ትልቅ ድስት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ውስጥ ያድራል። አፈላዋለሁ እንዳትሉኝ። አንዳንዱ ባክቴሪያ ትቶት የሚሄደው መርዝ በማፍላት አይጠፋም። እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ጊዜ ያደረ አልጫ ክዳኑን ስከፍት ፊቱ ላይ ጥቃቅን አረፋ አየሁ፣ ቀመስኩት፣ ኮምጠጥ ብሏል። በደንብ ካፈላሁት ምን ይሆናል ብዬ ከሠራተኞቹ ጋር ምሳ በላንበት። ማታ አንዲቷን ሽንት ቤት ተሰልፈን ስንጠብቅ አመሸን። እንግዳ ፊት አለመቅረቡ እድል ነው።

ወጡን ዝርግ ዕቃ ላይ ከፋፍሉት፣ እንፋሎቱ በረድ ሲል፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ይግባ። አለቀ።

«እናቶቻችን ፍሪጅ ሳይኖራቸው ማን ታመመ?» የሚለኝ አይጠፋም። ታመዋል እንጂ! ደግሞም እነሱ ለዕለቱ የሚበቃውን ነበር የሚሠሩት፣ ሥጋውን ቋንጣ ያደርጉታል፣ የተረፈውን ወጥ ጠዋት ማታ ያፈሉታል። እኛ ማፍላቱን ትተን ውጪ ማሳደሩን ብቻ ወረስን፣ በዚያ ላይ እሁድ ቀን የሳምንቱን እናበስላለን።

መብራት ጠፍቶ ቀልጦ ለብ ያለ ሥጋ ተመልሶ በረዶ ቤት አይገባም። ዶሮ የበለታችሁበት መክተፊያ ላይ ሳታጥቡ ሰላጣ መክተፍማ፣ ይሄን ማስረዳት ራሱ ይደክመኛል።

ጥሬ ሥጋ አትብሉ ብል ማን ይሰማኛል፣ እኔም ክትፎ ሳይ አልችልም። ግን ድሮ ጥሬ የሚበላ ሰው በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣ ነበር። አሁን ጥሬው ቀጥሏል፣ መጠጣቱ ቀርቷል፣ በክኒንም የተካው ጥቂት ነው። ሚጥሚጣና አረቄ ኮሶን አይገድሉም። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ 10 ቀን የቆየ ሥጋ ውስጥ የኮሶው እጭ ይሞታል፤ ባክቴሪያው ግን እንቅልፍ ላይ ነው፣ ሲሞቀው ይነሳል። ስለዚህ የቄራ ማህተም ያለበትን ግዙ፣ ለክትፎ የገዛችሁትን ደግሞ መኪና ውስጥ ይዛችሁት አትዙሩ።

በርበሬ ላይ ልጨርስ። ሻጋታውን አራግፎ ማስፈጨት ትልቅ ስህተት ነው። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ጉበት ይጎዳል፣ ቢቆላም ቢበስልም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ዛላው ከውጭ ቀይ ሆኖ ውስጡ ግራጫ ሊሆን ይችላል። ስትገዙ ከጆንያው መሀል ሦስት አራት ዛላ አውጡና ሰብራችሁ እዩ፣ ሻጩ ቢቆጣም ስበሩ።