እውነተኛ የአልፓካ ሹራብ እንዴት ይገዛል፣ እንዴትስ ይታጠባል?

«100% ቤቢ አልፓካ» የሚል መለያ የተሰፋበት ሹራብ ሁሉ ከአልፓካ፣ ከደቡብ አሜሪካው ባለ ፀጉር እንስሳ፣ የተሠራ አይደለም። በፔሩ፣ በኩስኮ ገበያ ለቱሪስት ከሚቀርበው ሹራብና ሻርፕ ብዙው አክሪሊክ፣ ማለትም ከነዳጅ ውጤት የተሠራ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ጎብኚዎች «ቤቢ»ውን ወደ «ሜይቢ አልፓካ» ቀይረው ይቀልዱበታል፤ «ምናልባት አልፓካ» ለማለት ነው። እውነተኛውን ገዝቶ በመጀመሪያው እጥበት የልጅ ልክ የሚያደርገውም ጥቂት አይደለም።

መጀመሪያ ደረጃውን ይወቁ

አልፓካ የግመል ዘመድ ነው። በፔሩና በቦሊቪያ ተራሮች፣ እኛ ውርጭ በምንለው ከፍታ ይረባል፤ ብዙውን ጊዜ በዓመት አንዴ ይሸለታል። ፀጉሩ አሬኪፓ በመሰሉ ከተሞች በእጅ እየተዳሰሰ እንደ ቅጥነቱ ይለያል። መለኪያው ማይክሮን፣ የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ፣ ነው።

በፔሩ አመዳደብ እስከ 20 ማይክሮን ያለው ሱፐር ቤቢ፣ እስከ 23 ያለው ቤቢ፣ ከዚያ እስከ 26.5 ያለው ፍሊስ ይባላል። ከ29 በላይ የሆነው ለምንጣፍና ለካፖርት የሚሆን ሻካራ ነው። እንግዲህ «ቤቢ» የቅጥነት ስም እንጂ የእንስሳው ዕድሜ አይደለም። «ከግልገል ብቻ የተሸለተ ነው» የሚል ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ እያሻሻጠ ነው፤ የመጀመሪያው ሸልት አብዛኛውን ጊዜ ቀጭን ቢሆንም ጎልማሳ አልፓካም ቤቢ ደረጃ ይሰጣል።

ቁጥሩ ለቆዳዎ ትርጉም አለው። ከ30 ማይክሮን በላይ የወፈረ ፀጉር ጫፉ አይታጠፍም፤ ቆዳ ይወጋል። የመንዝ በርኖስ ወይም ባና በባዶ ገላው የደረበ ሰው ይህን ያውቃል፤ የሚኮሰኩሰው ሱፍ መሆኑ ሳይሆን ውፍረቱ ነው። ለአንገት ልብስና ለውስጥ ሹራብ ቤቢ ይምረጡ። ከሸሚዝ ላይ ለሚደረብ ፍሊስ ይበቃል፤ ዋጋውም ይቀላል፣ ቶሎም አያልቅም።

መለያውንና ዋጋውን ያገናዝቡ

በአሜሪካም በአውሮፓ ኅብረትም የክሩን ዓይነት በመቶኛ መጻፍ በሕግ ግዴታ ነው። መቶኛ የሌለውን፣ «የአልፓካ ስሜት» ወይም «የአልፓካ ቅልቅል» ብቻ የሚለውን ይለፉ፤ ቅልቅሉ 5 በመቶም ሊሆን ይችላል። ቅልቅል ሁሉ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም። የአልፓካ ፀጉር እንደ በግ ሱፍ ስለማይሸበሸብ ሲለጠጥ ቶሎ አይመለስም። ስለዚህ 20 ወይም 30 በመቶ የሜሪኖ በግ ሱፍ የገባበት ሹራብ ቅርጹን የተሻለ ይይዛል። ካልሲ ከሆነ ናይሎን የግድ ነው፤ ያለ ናይሎን ተረከዙ ቶሎ ይበሳል።

ዋጋው ራሱ ይናገራል። ለአንድ አዋቂ ሹራብ 400 ግራም ገደማ ክር ይገባል። የእውነተኛ አልፓካ ክር ብቻውን ከ10 ዶላር ስለሚበልጥ ተሠርቶ በ10 ዶላር የሚሸጥ ሹራብ አልፓካ ሊሆን አይችልም። በዚያው መንገድ ገበያ ላይ «ቪኩኛ» ብለው ሻርፕ ቢያቀርቡልዎ አይከራከሩ፣ ይለፉት። ቪኩኛ በዓለም አቀፍ ስምምነት የሚጠበቅ የዱር እንስሳ ነው፤ ፀጉሩ ከ12 እስከ 13 ማይክሮን የሚደርስ፣ ዋጋውም ከአልፓካ ብዙ እጥፍ ነው።

በእጅዎ ይፈትኑ

ልብሱን መሐል ላይ ይዘው ያንጠልጥሉት። አልፓካ ክብደት አለው፣ ወደ ታች ይወርዳል። አክሪሊክ ቀሎ ይነፋፋል፤ በመዳፍ ሲያሹት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊያሰማ ይችላል። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ወስደው የተደበቀ ቦታ ላይ ያሹ፤ ቀለሙ ጨርቁ ላይ ከወጣ ሸሚዝዎ ላይም ይወጣል። ልስላሴውን ብቻ አይመኑ። የተፋቀ አክሪሊክ ከእውነተኛው ይልቅ ሊለሰልስ ይችላል፤ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው።

ገዝተው ከጨረሱና ጥርጣሬ ካለ፣ ከውስጥ ስፌቱ 3 ሳንቲ ሜትር ክር መዘው በወረንጦ ይዘው ሳህን ላይ ያቃጥሉት። የእንስሳ ፀጉር ቀስ ብሎ ይነዳል፣ እሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቃል። አክሪሊክ ይቀልጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሲቀዘቅዝም እንደ ጠጠር ይደርቃል። እሳት የማይመችበት ቤት ከሆነ ክሩን ያልተበረዘ በረኪና ውስጥ አሳድሩት፤ ፀጉር ከሆነ ሟሙቶ ይጠፋል፣ አክሪሊክ እንዳለ ይቆያል። ሁለቱም ፈተና አልፓካን ከበግ ሱፍ አይለይም፤ ያንን የሚለየው ማይክሮስኮፕ ነው።

አስተጣጠብ

አልፓካ በየሳምንቱ አይታጠብም። ከለበሱት በኋላ አንድ ሌሊት አየር ላይ ይዘርጉት፤ እድፍ ወይም ጠረን እስኪይዝ ድረስ ይበቃዋል። ሲደርስ ግን እንዲህ ያድርጉ፦

1. ሹራቡን ወረቀት ላይ ዘርግተው ዙሪያውን በእርሳስ ያስምሩ። ሲደርቅ የሚመልሱት በዚህ ልክ ነው።
2. ሳፋ ውስጥ 6 ሊትር ያህል፣ ከ30 ዲግሪ ያልበለጠ ለብ ያለ ውሃ ይጨምሩ። አንድ የሻይ ማንኪያ የሱፍ ሳሙና ወይም የልጅ ሻምፖ ይቀላቅሉበት።
3. ሹራቡን ገልብጠው ይንከሩት፣ በመዳፍ ወደ ታች ጫን ጫን ያድርጉት፣ 10 ደቂቃ ይተዉት። አይሹት።
4. ያንኑ ያህል ለብ ባለ ውሃ ሁለት ጊዜ ያለቅልቁ።
5. ከሥሩ በሁለት እጅ ደግፈው እንደ ሕፃን ያውጡት። የረጠበ ሹራብ በጣም ይከብዳል፤ በትከሻው ካነሡት እጅጌው ይረዝማል፣ አይመለስም።
6. ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግተው ከፎጣው ጋር ይጠቅልሉ፣ ጥቅሉን ይጫኑ። መጭመቅ የለም።
7. በሌላ ፎጣ ላይ፣ ባሰመሩት ልክ አስተካክለው በጥላ ያድርቁ። እንደ አየሩ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይፈጃል፤ መሐል ላይ ያገላብጡት።

ኦሞና ሌላ የዱቄት ሳሙና ለምን አይሆንም? አብዛኛው የደምና የወተት እድፍ የሚያሟሙ ኢንዛይሞች አሉት። ደምና ወተት ፕሮቲን ናቸው፤ ፀጉሩም ፕሮቲን ነው። ሳሙናው ሁለቱን አይለይም።

የመኮማተሩ ነገር ደግሞ ከቅርፊት ይመጣል። እያንዳንዱ ፀጉር ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡ ጥቃቅን ሽፋኖች አሉ። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና መታሸት ሲገናኙ ሽፋኖቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ሹራቡም እንደ ባርኔጣ ጨርቅ ይጠጥራል። አንዴ ከተያያዘ ወደ ነበረበት አይመለስም። ትንሽ ብቻ ከጠበበ በፀጉር ኮንዲሽነር ለብ ባለ ውሃ ነክረው እየሳቡ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ሊያተርፉ ይችሉ ይሆናል። ካውያ ካስፈለገ ከላይ እርጥብ ጨርቅ አድርገው በእንፋሎት ብቻ፣ ሳይጫኑ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብብትና ክርን አካባቢ ትንንሽ የፀጉር ኳሶች ይወጣሉ። ይህ የሐሰተኛነት ምልክት አይደለም፤ ያልተያዙ አጫጭር ፀጉሮች ናቸው። በሹራብ ማበጠሪያ ቀስ ብለው ያንሱ፤ በጣት ከነጩ ረጃጅሙንም ይመዙታል።

ማስቀመጥና ብል

አጥፈው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡ፤ መስቀያ ላይ የዋለ አልፓካ በራሱ ክብደት ይረዝማል፣ ትከሻውም ይሾላል።

ልብስ የሚበላው የምትበረው ብል ሳትሆን ትሏ ናት። ላብና የምግብ ጠብታ ያለበትን ቦታ ታስቀድማለች፤ ስለዚህ ክረምቱ ሲያበቃ ሳያጥቡ አያስቀምጡ። ታጥቦ በደንብ የደረቀውን ዚፕ ባለው ከረጢት ዘግተው ያኑሩት። የናፍታሊን ጠረን ከአልፓካ በቀላሉ አይለቅም፣ ሕፃን ባለበት ቤትም አይመከርም።

ቀዳዳ ካዩ ልብሱን ላስቲክ ውስጥ አየሩን አስወጥተው ያሽጉ፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት ያቆዩት። ሲያወጡት ላስቲኩን ቶሎ አይክፈቱ። የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ይጠብቁ፤ አለበለዚያ የአየሩ እርጥበት በቀዝቃዛው ፀጉር ላይ ይጤዛል።