ኃይል ቆጣቢ ባለሁለት ኮምፓሬተር ቺፕ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጅማ አካባቢ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ዝናብ ሲያርፍ የሚያስጠነቅቅ ባለባትሪ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ኤልኤም393ን፣ ማለትም ሁለት ኮምፓሬተሮች (ሁለት ቮልቴጆችን አነጻጽረው የትኛው እንደሚበልጥ የሚያሳውቁ ክፍሎች) የያዘውን ቺፕ ነው። ከ2 እስከ 36 ቮልት የሚሠራ፣ ርካሽና በተዘጋጁ የዝናብ መለኪያ ሞጁሎች ላይ ሳይቀር የሚገኝ ጥሩ ቺፕ ነው፤ ስህተቱ የሚጀምረው የመላውን ሰርኪዩት ፍጆታ ሳያሰሉ በስሙ ብቻ ሲመርጡት ነው።

ቺፑ ብቻውን 0.4 ሚሊአምፒር ገደማ ስለሚወስድ 2000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዝን ባትሪ በ5000 ሰዓት፣ ማለትም በሰባት ወር ገደማ ይጨርሰዋል። በአንጻሩ ኤምሲፒ6542 የተባለው ሌላ ባለሁለት ኮምፓሬተር ቺፕ ለእያንዳንዱ ኮምፓሬተር 0.6 ማይክሮአምፒር ያህል ይበቃዋል። ሆኖም ከ5.5 ቮልት በላይ ስለማይሠራ ከ12 ቮልት የሶላር ባትሪ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ቺፑን ማቃጠል ይሆናል።

ሁለተኛው ስህተት የመውጫውን ዓይነት አለማየት ነው። የኤልኤም393 መውጫ ኦፕን ኮሌክተር፣ ማለትም ቮልቴጁን ወደ ታች ብቻ የሚጎትት በመሆኑ፣ ወደ ላይ የሚጎትተው የፑልአፕ ሬዚስተር ይፈልጋል፤ በ5 ቮልት 10 ኪሎኦም ከተደረገለት መውጫው ዝቅ ባለ ጊዜ ሁሉ 0.5 ሚሊአምፒር ይፈስሳል፤ ይህም ከቺፑ ፍጆታ ይበልጣል። ስለዚህ ሬዚስተሩን ወደ 100 ኪሎኦም ማሳደግ፣ ወይም መውጫው ዝናብ በሌለበት ጊዜ ከፍ ብሎ እንዲቆይ መግቢያዎቹን ማቀናጀት ይገባል።

ከሁሉም የሚከፋው ግን የመግቢያ ቮልቴጅን ወሰን መዘንጋት ነው፤ ምክንያቱም ጉድለቱ በሙከራ ጠረጴዛ ላይ ላይታይ ይችላል። ኤልኤም393 በተለመደው የክፍል ሙቀት በትክክል የሚያነጻጽረው ከኃይል ምንጩ በ1.5 ቮልት ዝቅ እስከሚል ቮልቴጅ ድረስ ነው። በቀጥታ ከሊቲየም ባትሪ ሲሠራ፣ በ4.2 ቮልት ወሰኑ 2.7 ስለሚሆን 2.5 ቮልት ማመሳከሪያ (ሌላው መግቢያ የሚነጻጸርበት ቋሚ ቮልቴጅ) በደንብ ያገለግላል፤ ባትሪው ወደ 3.3 ሲወርድ ግን ወሰኑ 1.8 ብቻ ይሆናል፤ ሁለቱም መግቢያዎች ከዚያ በላይ ከሆኑ ደግሞ ውጤቱ አይታመንም። መሣሪያው ያገለግላል በተባለበት ሰዓት የሚከዳው እዚህ ላይ ነው።

ኃይል ለመቆጠብ ሲባል ባለ1 ሜጋኦም ሬዚስተሮችን መጠቀምም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በኤልኤም393 መግቢያ በኩል የሚፈስሰው 25 ናኖአምፒር በ1 ሜጋኦም ላይ የ25 ሚሊቮልት ስህተት ይፈጥራል፤ ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ ሰነድ) የሚፈቅደው ከፍተኛ መጠን ደግሞ አሥር እጥፍ ነው። በጅማ እርጥበት ላይ ሳይታጠብ የቀረ የብየዳ ፍላክስ ቅሪት ሲጨመርበት በቦርዱ ላይ ፍሰት ስለሚሾልክ፣ ቦርዱን አጥቦ መከላከያ ቫርኒሽ መቀባት አስፈላጊ ነው።

ጠብታ ቀስ ብሎ ሲደርቅ መውጫው ደጋግሞ እንዳይበራና እንዳይጠፋ ሂስተሪሲስ (በማብሪያና በማጥፊያ ቮልቴጆቹ መካከል ትንሽ ልዩነት) ይጨመርለት፤ በ5 ቮልት በፖዘቲቭ መግቢያው ላይ 10 ኪሎኦም፣ ከመውጫው ወደዚያው መግቢያ ደግሞ 1 ሜጋኦም ቢደረግ 50 ሚሊቮልት ያህል ይሰጣሉ። ኤልኤም358ም የእግሮቹ አቀማመጥ ከኤልኤም393 ጋር አንድ ስለሆነ ብቻ በቦታው አይተካም፤ እርሱ ኮምፓሬተር ሳይሆን ኦፕአምፕ (የሲግናል ማጉያ) ነው።

ሁለተኛውን ኮምፓሬተር የማይጠቀሙበት ከሆነ የኤልኤም393ን ትርፍ መግቢያዎች ከግራውንድ ጋር ያገናኙ። ከዚያ የሚሻለው ግን 1.2 ቮልት በሆነ ማመሳከሪያ የባትሪውን መዳከም እንዲያሳውቅ ማድረግ ነው።