ሳትታመሙ በፊት የሚገዛ

አራት ኪሎ ሰው ሲታመም በሩ አይዘጋም። አንዷ ጎረቤት አጥሚት ይዛ ትመጣለች። ሌላዋ ዳማከሴ ቀጥፋ፣ በመዳፏ አሽታ ጭማቂውን ቡናው ላይ ጠብ ታደርጋለች። «ምች ነው፣ ተሸፈን» ይባላል። ልጅ መድኃኒት ቤት ይላካል። ቤት ውስጥ ምንም ባይኖር እንኳ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ነገር ይገኛል። እዚሁ ስላደግሁ ለጉንፋን መዘጋጀት የሚባል ነገር በሐሳቤም አልነበረም።

ጀርመን በሄድኩ በመጀመሪያው ኅዳር፣ እሁድ ቀን ትኩሳት ያዘኝ። ቤት ያለው ሩዝና ሻይ ቅጠል ብቻ ነው። ሱቆች ዝግ ናቸው። ፓራሲታሞል ደግሞ እዚያ ሱፐርማርኬት አይሸጥም፣ መድኃኒት ቤት ብቻ ነው። እሁድም የሚሠራ ተረኛ መድኃኒት ቤት እንዳለ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እየተንቀጠቀጥኩ አደርኩ። አሁን አዲስ አበባ ተመልሻለሁ። ሰው ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ሲሰናበተኝ ከጃኬት በፊት የማነሳው ለሕመም አስቀድሞ መዘጋጀትን ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዙ። ለእናቶቻችን ግንባር መንካት ይበቃቸው ነበር። በስልክ የምታገኟት ነርስ ግን ቁጥር ነው የምትጠይቃችሁ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው። አሜሪካ ቴርሞሜትሩ በፋራናይት ስለሆነ 100.4 ካያችሁ ያው 38 ማለት ነው።

ቀጥሎ ፓራሲታሞል። አሜሪካና ካናዳ በዚህ ስም ብትጠይቁ ላይገባቸው ይችላል። አሲታሚኖፌን ነው የሚሉት፣ ታይሌኖል ተብሎም ይሸጣል። ጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙን ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም። ካርቶኑ ላይ ያነሰ ከተጻፈ እሱን ተከተሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በሙቅ ውኃ የሚበጠበጠው የጉንፋን ዱቄትም ብዙ ጊዜ ይኸው መድኃኒት አለበት። ሁለቱን ደርቦ የወሰደ ሰው ሳያውቀው ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል። ለልጅ መጠኑ በክብደትና በዕድሜ ስለሚለያይ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። አስፒሪን ለልጅ አትስጡ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማርም አይሰጥም፣ ለሳል ቢሆንም።

አሞክሳሲሊን ሻንጣ ውስጥ ይዛችሁ ለመሄድ አታስቡ። ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ የሚመጡት በቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይነካቸውም። ሐኪሙ «እረፍ፣ ፈሳሽ ጠጣ» ብሎ ባዶ እጃችሁን ሲሸኛችሁ «ናቀኝ» ብላችሁ እንዳታዝኑ። ብዙዎቻችን አዝነናል። እሱ ግን ሥራውን በትክክል ሠርቷል።

ለተቅማጥና ለትውከት ኦ አር ኤስ ጥቂት ፓኬት አስቀምጡ። ካለቀባችሁ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው አታብዙ፣ በተለይ ለልጅ። ለራሳችሁ ደግሞ ዝንጅብል፣ ማር፣ ሎሚ፣ የአጃ ዱቄት። አጥሚቱ በአጃም ይሆናል። ትኩስ ዳማከሴና ንጥር ቅቤ ወደ አውሮፓ ለመውሰድ ግን አትድከሙ፣ ጉምሩክ ላይ ይቀርባችኋል።

ቤት የምትጋሩ ከሆነ የታመመው ሰው ለብቻው ይተኛ። ኩባያና ፎጣውም የራሱ ይሁን። መስኮት ትንሽ ክፈቱ። ይህን ስል የእኛ ሰው «ብርድ ይመታዋል» ብሎ እንደሚቃወም አውቃለሁ። በብርድ ልብስ ሸፍኑትና ክፈቱ፣ የታመቀ አየር በሽታውን ለሌላው ያደርሳል። ጠያቂም በስልክ ይጠይቅ፤ ምግቡን በር ላይ ያኑር።

አንድ ነገር ግን ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት። ከመሄዳችሁ በፊት አዋሽ፣ ጋምቤላ ወይም ሌላ ቆላ ቦታ ከነበራችሁና ትኩሳት ከያዛችሁ፣ የወባ ምርመራ በዚያው ቀን ይደረግላችሁ። አዲስ አበባ ከፍ ያለች ስለሆነች ወባን እንረሳለን። የውጭ ሐኪምም ላያስበው ይችላል። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሳል። «ከኢትዮጵያ ነው የመጣሁት፣ እዚህ ቦታ ነበርኩ» ብላችሁ ራሳችሁ ጀምሩ።

ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ካመመ፣ ሰውየው ከተደናገረ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ቤት አይጠበቅም። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን 38 ከደረሰም ወዲያው ሐኪም ይደወልለታል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በእንግሊዝ 999፣ በአሜሪካና በካናዳ 911፣ በአውስትራሊያ 000። ላልከፋው እንግሊዝ 111፣ ጀርመን 116117 አለ። ቁጥሮቹን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ። ከቁጥሮቹ ሥር የቤታችሁን ሙሉ አድራሻ በአገሩ ፊደል ጻፉ፣ ትኩሳት ላይ ሆኖ ሰው የራሱን መንገድ ስም ይረሳል።

ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ከአገር ልጆች አንዱን አሁኑኑ ጠይቁት። «ከታመምኩ ጠዋትና ማታ ትደውልልኛለህ? እኔም እደውላለሁ» በሉት። ትርፍ ቁልፉንም ለእሱ ስጡት።