የብስክሌት ክለብ ዓመታዊ የእራትና የሽልማት ምሽት እንዴት ይዘጋጃል?

ዓመቱን ሙሉ አንዱ የሌላውን ጀርባ እያየ ሲነዳ የከረመ ክለብ፣ አንድ ምሽት ፊት ለፊት ተቀምጦ መብላትና መጫወት ይገባዋል። ምሽቱ እንዲያምር ግን ሥራው ቀደም ብሎ መጀመር አለበት።

መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ። የውድድር ወቅት ካለቀ በኋላ፣ በማግስቱ ጠዋት ረጅም ጉዞ የሌለበት ምሽት ጥሩ ነው። ለአባላት ሁለት ወር ቀድማችሁ ንገሩ። አዳራሽ ስትመርጡ በብስክሌት የሚመጡትን አስቡ፤ ብስክሌታቸውን ቆልፈው በሰላም የሚያቆሙበት ቦታ ይኑር። ሰው ሲመዘገብ የማይበላውን ይናገር፣ የእራቱንም ይክፈል። ይኼ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ቀጥሎ ዋናው ጉዳይ ይመጣል፦ ማን ይሸለም? ብዙ ክለብ ፈጣኖቹን ብቻ ይሸልማል። እኔ በዚህ አልስማማም። ትልቁ ውድድር ራሱ እንዲህ አያደርግም። በፈረንሳይ በሚካሄደው የብስክሌት ውድድር፣ በቱር ደ ፍራንስ፣ አጠቃላይ መሪው እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ ቢጫ ማሊያ ይለብሳል። ከ1975 ወዲህ ደግሞ ዳገት ላይ የሚበረታው ቀይ ነጠብጣብ ያለበት ነጭ ማሊያ አለው። ደፍሮ ከሌሎቹ ተነጥሎ ለማምለጥ ለሚሞክር ተወዳዳሪም የተለየ ሽልማት አለ። መጨረሻ የሚወጣውን እንኳ «ቀይ ፋኖስ» ይሉታል፤ ስሙ የመጣው ከባቡር የኋላ ፉርጎ ላይ ከሚንጠለጠለው መብራት ነው።

እናንተም ከራሳችሁ መንገድ ተነሱ። ከኋላ ቀርቶ ደካማውን ሲያጅብ የከረመው ማነው? የሰው ጎማ በተነፈሰ ቁጥር ቆሞ የሚያግዘውስ? ውድድር ሲኖር መስቀለኛ መንገድ ላይ ለሰዓታት ቆማ መኪና የምታስቆመው አባል አንድ ቀን ስሟ መድረክ ላይ መጠራት አለበት። ከጉዳት ተነስቶ የተመለሰ፣ ዘንድሮ ጀምሮ የመጀመሪያውን 100 ኪሎ ሜትር የጨረሰም አለ። እንደ ስትራቫ ያሉ መተግበሪያዎች ርቀትና ፍጥነት ይቆጥራሉ እንጂ ይህን አይመዘግቡም። ስለዚህ ወር በወር አጭር ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ይመደብ። ዓመቱ ሲያልቅ አባላት ይጠቁሙ፣ ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ይወስን። የተጠቆመ ሰው በራሱ ጉዳይ ድምፅ አይስጥ።

ተዘዋዋሪ ዋንጫ ካላችሁ፣ ያለፈው ዓመት አሸናፊ ከወር በፊት እንዲመልስ አስታውሱት። ስም ከመቀረጹ በፊት ፊደሉን ሁለት ሰው ይይ። ስሙ ተሳስቶ የተቀረጸበትን ዋንጫ የተቀበለ ሰው አውቃለሁ። ፈገግ ብሎ ተቀበለ፤ ወደ ቤቱ ግን ይዞት አልሄደም።

ለእያንዳንዱ ተሸላሚ ሦስት ወይም አራት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ጎበዝና ትጉ አባላችን» ማለት ለማንም ይሆናል። «ያን ዝናባማ ጠዋት፣ ጓንቱን አውልቆ ለአዲስ አባል የሰጠው» ሲባል ግን አዳራሹ ማን እንደሆነ ስሙ ሳይጠራ ያውቃል። ጭብጨባው ከዚያ ይጀምራል።

በምሽቱ ድምፅ ማጉያውን እንግዳ ሳይገባ ሞክሩ። በዓመቱ ያረፈ አባል ካለ በመክፈቻው ላይ አስቡት። ሽልማቱን ሰው ከበላ በኋላ ጀምሩ፣ ርዝመቱም ከአንድ ሰዓት አይለፍ። የልጆቹን አስቀድሙ፤ እንቅልፍ ይዟቸው ይሄዳል። በእረፍት ቀን ጠዋት ቤት ሆነው የሚጠብቁትን የትዳር ጓደኞችና ወላጆችም ቆመው እንዲጨበጨብላቸው አድርጉ።

በመዝጊያው የሚቀጥለውን ጉዞ ቀንና መነሻ ቦታ ተናገሩ። የተነበቡትን ጽሑፎች ደግሞ አትጣሉ፤ አትማችሁ ለተሸላሚዎቹ ስጧቸው፣ አንድ ቅጂ በክለቡ መዝገብ ይቀመጥ።