የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተለወጠው የት ነው? በመልሱ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

አንደኛው ስህተት ለውጡን በአንድ ከተማ ላይ ማሰር ነው። «ስታሊንግራድ» የሚለው መልስ ክብደት አለው፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1943 መጀመሪያ ወደ 91,000 የሚጠጉ የጀርመን ወገን ወታደሮች በዚህች የሶቪየት ከተማ እጃቸውን ሰጥተዋል። ይሁን እንጂ ሂትለር ሶቪየት ኅብረትን በጥቂት ወራት ለማንበርከክ ያወጣው ዕቅድ የከሸፈው ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 1941 በሞስኮ ደጃፍ ነበር። ከስታሊንግራድ በኋላም ጀርመን በሩሲያዋ ከተማ ኩርስክ ላይ እንደገና ለማጥቃት አቅም አግኝታለች። በምሥራቁ ግንባር ያን የሚያህል ማጥቃት መክፈት የተሳናት ከኩርስክ ወዲህ ነው።

ሁለተኛው «ያሸነፈው ብርዱ ነው» ማለት ነው። ብርዱ ለሶቪየቱ ቀይ ጦርም ብርድ ነበር! በኖቬምበር 1942 የሶቪየት አዛዦች በስታሊንግራድ ውስጥ የተጠመደውን የጀርመን ስድስተኛ ጦር ትተው በግራና በቀኝ የሚጠብቁትን ደካማ የሮማንያ ክፍሎች መቱ፤ በአራት ቀን ውስጥም ከስታሊንግራድ በስተምዕራብ ባለችው ካላች አጠገብ ተገናኝተው ከበባውን ዘጉ። ይህን ለአየር ጠባይ መስጠት ያቀዱትንም የሞቱትንም መበደል ነው።

የተባበሩት ኃይሎች በፈረንሳይ ጠረፍ፣ በኖርማንዲ ማረፋቸውን የጦርነቱ መለወጫ አድርጎ መቁጠርም የተለመደ ነው። በጁን 1944 ጀርመን በምሥራቅ ማፈግፈግ ከጀመረች ቆይታለች። ማረፉም የተቻለው የአትላንቲክ መንገድ ስለተከፈተ ነው፤ በሜይ 1943 ብዙ ሰርጓጅ መርከቦች የሰጠሙበት የጀርመን ባሕር ኃይል አዛዥ አድሚራል ዶኒትዝ የቀሩትን ከሰሜን አትላንቲክ አስወጥቷል።

እኔን ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን የምሥራቅ አፍሪካን ግንባር መዝለል ነው፤ እኛው ራሳችን ሳይቀር እንዘለዋለን። ዘመን መቁጠሪያው ራሱ ያሳስታል፦ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡበትን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በእ.ኤ.አ. የሚያነብ ሰው ሂትለር ሥልጣን በያዘበት ዓመት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ትክክለኛው ሜይ 5 ቀን 1941 ነው። አርበኞች በጎጃምና በሌሎችም አውራጃዎች የጣልያንን ጦር ጠምደው ያዙ፤ ከግብፅ የመጣው፣ በእንግሊዝ ሥር የነበረው የህንድ አራተኛ ክፍለ ጦር ደግሞ ከሌሎች ጋር ከረንን ለመስበር ከፌብሩዋሪ እስከ ማርች 1941 መጨረሻ ተዋጋ። በኤፕሪል 8 ምጽዋ ተያዘች። ከሦስት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባሕር የጦርነት ቀጠና መሆኑ እንደቀረ አወጁ፤ የአሜሪካ መርከቦች እስከ ስዊዝ ጭነት እንዲያደርሱ ተፈቀደላቸው።

በግብፅ የተደረገውን የኤል አላሜይን ውጊያ ከዚህ ነጥሎ መተረክ አይቻልም። በኦክቶበር 1942 በጀርመኑ አዛዥ በሮሜል ላይ የተሰለፉት ከ250 የሚበልጡ የሸርማን ታንኮች ከአሜሪካ ተነሥተው አፍሪካን በደቡብ ዞረው፣ በቀይ ባሕር በኩል ነው ስዊዝ የደረሱት።