የዲኤክስ የኋላ እግር ሲንኳኳ፦ አሞርዛተር ከመግዛታችሁ በፊት

አሮጌ መኪና ከኋላ ማንኳኳት ሲጀምር ብዙ ሰው ቀጥ ብሎ የሚሄደው የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ነው። ሁለት አሞርዛተር (የመኪናውን መወዛወዝ የሚያረግበውን ዕቃ) ይገዛል፣ ያስገጥማል፣ ድምፁ ግን እዚያው ነው። ያናድዳል፣ ብሩም ቀላል አይደለም። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ጎሚኒ ነው፣ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ መገጣጠሚያው ላይ የሚገባው ላስቲክ። የእሱ ዋጋ ደግሞ ከአሞርዛተር ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ መጀመሪያ ፈትሹ፣ ከዚያ ግዙ።

የማወራው ስለ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አውቶሞቢል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ስለወጣው ሞዴል። የኋላ እግሩ የተወሳሰበ አይደለም። አንድ ወጥ አክስል፣ ሁለት ሞላ፣ ሁለት አሞርዛተር፣ አክስሉ ወደፊትና ወደኋላ እንዳይላወስ የሚይዙ አራት ዘንጎች፣ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዝ አንድ ረጅም ዘንግ። በየዘንጉ ጫፍና ጫፍ ጎሚኒ አለ፤ ቁጠሩት፣ አስር ይሆናል።

መጀመሪያ የኋላውን ኮፈን ባዶ አድርጉ። ክሪኩን፣ ተቀያሪውን ጎማ፣ ሁሉንም አውጡ። የማርሚታውን ማንጠልጠያ ጎማም ነካ ነካ አድርጉት፣ እሱም ሲላላ እንደ እግር ያንኳኳል። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ንዱና ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ለዩ። ጉድጓድ ላይ ብቻ ጓ ካለ ጎሚኒ ወይም የአሞርዛተር ማሰሪያ ነው። ማርሽ ስታስገቡ ወይም ነዳጅ ሰጥታችሁ ስትለቁ ከመጣ የአራቱ ዘንጎች ጎሚኒ አለዚያም ክሮቸራ (ከማርሽ ወደ ኋላ አክስል የሚሄደው ዘንግ መገጣጠሚያ) ነው። መኪናው ጉብታ ካለፈ በኋላ እየተወዛወዘ አልቆም ካለ ያኔ አሞርዛተሩን ጠርጥሩ። በፍጥነት ልክ እየጨመረ የሚሄድ ጉምጉምታ ግን የኩሽኔታ ነገር ነው፣ እግር አትፍቱ።

አሁን መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙና የጎማዎቹን ንፋስ አስተካክሉ። ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ) ጠርዝ በሁለቱም በኩል በሜትር ለኩ። አንዱ ጎን ከሌላው በግልጽ ዝቅ ካለ ሞላው ደክሟል ወይም ተሰብሯል። ሞላ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ታች መቀመጫው ጋ ስለሆነ ከላይ አይታይም፤ ባትሪ አብርታችሁ ጫፉን እዩት። በሞላው መሀል ጎማ ወትፎ ከፍ ማድረግ መፍትሔ አይደለም። ሞላ የሚቀየረው በጥንድ ነው።

ወደ ማንሳቱ ስንመጣ ይህንን በደንብ አንብቡት። የዲኤክስ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማ ነው፣ ማርሹም የሚያዞረው የኋላውን ነው። ስለዚህ ኋላው ከመሬት ሲነሳ የእጅ ፍሬንም ሆነ ማርሽ መኪናውን አይዝም! የፊት ጎማዎቹ ላይ ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ፣ ከዚያ አንሱና አክስሉን በሁለት ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ላይ አሳርፉ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር ማንም አይግባ።

ስር ከገባችሁ በኋላ ጠንካራ ብረት በዘንጉና በማሰሪያው መሀል አስገብታችሁ ወዝወዝ አድርጉ። ጤነኛ ጎሚኒ ትንሽ ሰጥቶ ይመለሳል። የሞተ ከሆነ ብሎኑ በቀዳዳው ውስጥ ሲላወስ ታያላችሁ፣ ዙሪያውም ቀይ የዝገት ዱቄት ይኖራል ወይም ብረቱ ተፋትጎ ያብለጨልጫል። ረጅሙን የጎን ዘንግ አትዝለሉት፣ መኪናው መታጠፊያ ላይ ኋላው ወለም የሚለው ብዙ ጊዜ በእሱ ነው።

አሞርዛተሩ ዘይት ካንጠባጠበ አልቋል። ደረቅ ከሆነ የታች ብሎኑን ፍቱና በእጅ ሳቡት፣ ግፉት። መሀል ላይ ምንም ሳይከብድ ባዶውን የሚሄድበት ቦታ ካለ ቀይሩት። ሁለቱን አንድ ላይ ግን አትፍቱ፤ አክስሉ ከወረደ የፍሬኑ ቱቦ ይወጠራል፣ ሞላውም ሊወድቅ ይችላል።

አዲስ ጎሚኒ ስታስገቡ ግሪስም ዘይትም አትቀቡት፣ ላስቲኩን ያበላሸዋል፤ የሳሙና ውሃ ይበቃል። ብዙ ጋራዥ የሚዘለው ነገር ደግሞ አለ፦ የዘንጎቹን ብሎን መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ ጨርሳችሁ አታጥብቁ። አስገብታችሁ በእጅ ያዝ አድርጉት፣ መኪናውን አውርዱት፣ ክብደቱ ጎማው ላይ ሲያርፍ ያኔ አጥብቁ። አለዚያ ጎሚኒው ሁልጊዜ ተጠማዞ ይኖርና በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። ጥቂት ቀን ከነዳችሁ በኋላ እያንዳንዱን ብሎን እንደገና በቁልፍ ሞክሩት።