ለወራት ቆሞ የከረመ የናፍታ መኪና አልነሳ ሲል

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንድ ግቢ ኒም ዛፍ ሥር ለ14 ወራት ቆሞ የከረመ ላንድክሩዘር አልነሳ ብሎ ስጠራ፣ ከእኔ በፊት ያየው መካኒክ «ፖምፓው ሞቷል፣ ወርዶ አዲስ አበባ መላክ አለበት» የሚል ፍርድ ሰጥቶ ሄዶ ነበር። መኪናው ግን የተነሳው ፖምፓው (ናፍታውን በግፊት ወደ ሲሊንደሮቹ የሚልከው ዕቃ) ሳይነካ፣ አንድ ክንድ በማትሞላ የጎማ ቱቦ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ባለቤቶቻቸው ውጭ አገር ሄደው፣ ወይም የውርስ ክርክር ተይዞባቸው፣ ወይም መለዋወጫ ሲጠበቅላቸው ለወራት የሚቆሙ የናፍታ መኪኖች አሉ፤ ሊቀሰቀሱ ሲሞከር እንቢ ባሉ ቁጥር ጥፋቱ በቅድሚያ የሚለጠፈው ከሁሉም ውድ በሆነው ዕቃ ላይ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው አካሄድ ፖምፓውን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ነው።

የናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር የእሳት ብልጭታ አይፈልግም። አየሩ ሲሊንደሩ ውስጥ በኃይል ታምቆ ሲግል፣ በኖዝል (በናፍታ መርጫው) የሚረጨው ናፍታ በዚያው ግለት ይቀጣጠላል። ስለዚህ ለመነሳት የሚያስፈልጉት በፍጥነት መዞር፣ ያልላላ ኮምፕሬሽን (የአየሩ እመቃ)፣ እንዲሁም አየር ሳይቀላቀልበት በጊዜው የሚደርስ ንጹሕ ናፍታ ናቸው። ሞተሩ ሲቆም ደህና ከነበረ፣ በመቆሙ ብቻ ቶሎ የሚበላሹት ባትሪውና ነዳጁ ናቸው፤ ኮምፕሬሽን የሚጎዳው ከሁሉም ዘግይቶ ነው።

ቁልፉ ከመዞሩ በፊት የሞተር ዘይቱ በመለኪያው ዘንግ ይታይ። መጠኑ ከልኩ በላይ ሆኖ ከተገኘ ናፍታ ወይም ውሃ ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል፣ ዘይቱ ሳይቀየር ሞተሩ መዞር የለበትም። የአየር ፊልትሮው ቤትም ይከፈት፤ አይጥ ጎጆዋን መሥራት የምትወደው እዚያ ነው፣ የሽቦ ልባስ የምትቆረጥመውም በዚያው ሰፈር ነው።

ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ንቅንቅ አይልም

ቴስተር ባትሪው ላይ ይደረግ። ሙሉ የሆነ የ12 ቮልት ባትሪ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ግማሽ ያህል ነው፤ ከ12 በታች የወረደው ለናፍታ ሞተር ባዶ ነው ሊባል ይችላል። ባትሪ ሽቦው ተነቅሎ ቢቀመጥ እንኳ በራሱ ጊዜ ይደክማል፤ የሚደክምበት ፍጥነትም ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ገደማ ስለሚሆን፣ ድሬዳዋ ላይ የተቀመጠ ባትሪ ሐረር ላይ ከተቀመጠው ቀድሞ ያልቃል። ባዶውን ለወራት የቆየ ባትሪ ደግሞ ውስጡ በሰልፌት ስለሚሸፈን፣ ቻርጅ ሲደረግ 12.6 አሳይቶ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር) ሲጠይቀው ወዲያው ይወድቃል። በመሆኑም እውነተኛው ፈተና ሞተሪኖው በሚሠራበት ቅጽበት የሚታየው ቁጥር ነው፤ ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ባትሪ ይቀየር።

ባትሪው ደህና ሆኖ አንዲት «ጠቅ» የምትል ድምፅ ብቻ ከተሰማ፣ ሽቦው የሚታሰርባቸው ሞርሴቶዎች ተፈትተው ነጩና አረንጓዴው ዝገት በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ይታጠብ፣ የማሳው (የነጌቲቩ) ሽቦ ከሻንሲውና ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታም በብረት ብሩሽ ይጥራ። ይህ ተደርጎም «ጠቅታው» ካልተለወጠ፣ በቶዮታ ሞተሪኖዎች ላይ እጅግ የተለመደው መንስኤ በሶሌኖይዱ (በኤሌክትሪክ በሚሠራው ማብሪያው) ውስጥ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች መበላት ነው። እነዚህ ለብቻቸው ስለሚለወጡ ሙሉ ሞተሪኖ ለመግዛት መቸኮል አያስፈልግም።

ባትሪውም ሞተሪኖውም ተረጋግጠው ሞተሩ ካልዞረ፣ በክራንክ ሻፍቱ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሌጃ ቡሎን ላይ ረጅም የመፍቻ ቁልፍ ገብቶ በእጅ ይሞከር። ካልተንቀሳቀሰ አይገደድ። የማሞቂያ ካንዴላዎቹ (ለማስነሳት ሲሊንደሩን የሚያግሉት) ተፈትተው በየቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ይንጠብጠብና አንድ ሁለት ቀን ይቆይ፤ የፒስቶን ፋሻዎቹ በዝገት ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የተጣበቁት ቀለል ባለ መጠን ከሆነ ብዙ ጊዜ ይላቀቃሉ። ከተላቀቀ በኋላ ካንዴላዎቹ ሳይመለሱ ሞተሩ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙር፤ ፈሳሽ በታቆረበት ሲሊንደር ላይ ሞተሪኖ መምታት ቢየላ (ፒስቶኑን የሚይዘውን ዘንግ) ያጣምማል።

ሞተሩ በደንብ ይዞራል፣ ከማርሚታው ግን ጭስ አይወጣም

ከቆመ መኪና ላይ በብዛት የሚያጋጥመኝ ይህ ነው፤ የብዙ ሰው ገንዘብ የሚባክነውም እዚሁ ላይ ነው። ምልክቱን ለማንበብ አንድ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ሌላው ከኋላ ቆሞ የማርሚታውን አፍ ይይ። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍታ ሲሊንደሩ ውስጥ አልገባም፤ ስለዚህ ስለ ካንዴላም ሆነ ስለ ኮምፕሬሽን መነጋገር ጊዜው አይደለም።

በመጀመሪያ በፖምፓው ላይ ያለው የናፍታ መዝጊያ ሶሌኖይድ ይፈተሽ። ይህች የጣት ውፍረት ያላት ዕቃ ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪክ አግኝታ መንገዱን የምትከፍት፣ ሲዘጋ ደግሞ ዘግታ ሞተሩን የምታጠፋ ናት። ቁልፉ ሲከፈት «ጠቅ» ካላለች፣ ሽቦዋ ላይ 12 ቮልት መድረሱ ይለካ፤ ካልደረሰ ፊውዙ ተቃጥሏል ወይም አይጧ ሽቦውን በልታዋለች፤ ከደረሰና ዝም ካለች ራሷ ተበላሽታለች ወይም ደርቃ ተጣብቃለች። ቁልፉ ውስጥ መለያ ቺፕ ባላቸው አዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል የቁልፍ ምልክት ካለ፣ ነዳጁን የከለከለው ኮምፒውተሩ ነው።

ሶሌኖይዷ ከሠራች ቀጥሎ የሚጠረጠረው አየር ነው። እንደ ዋን ኤች ዜድ ባሉ የቆዩ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ናፍታውን ከታንክ የሚስበው በራሱ በፖምፓው ውስጥ ያለ ትንሽ መሳቢያ እንጂ ታንክ ውስጥ የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ፖምፕ አይደለም። ከታንኩ እስከ ፖምፓው ያለው መስመር በሙሉ የሚሠራው በመሳብ ነው ማለት ነው፤ በዚህ መስመር ላይ ያለች ቀጭን ስንጥቅ ናፍታ ሳታንጠባጥብ አየር ታስገባለች። «ምንም የሚፈስ ነገር የለም፣ ስለዚህ ቱቦው ደህና ነው» የሚለው ክርክር የማይሠራው ለዚህ ነው። መኪናው ሲቆም በዚያችው ስንጥቅ አየር ይገባና ናፍታው ቀስ እያለ ወደ ታንኩ ይመለሳል፤ በድሬዳዋ ሙቀት የደረቀ ጎማ ደግሞ በጣት ሲታጠፍ እንደ ቂጣ ይሰነጣጠቃል።

የከዚራው ላንድክሩዘር ላይ ያደረግሁት ይህን ነበር። የናፍታ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የእጅ ፖምፕ ስገፋው ጠንከር ማለት ሲገባው ልል ሆኖ ቀረ። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው በሚሄደው መስመር ላይ የጣት ርዝመት ያላት ብርሃን የምታሳልፍ ቱቦ አስገባሁና ቁልፉን እንዲያዞር ግቢውን ለሚጠብቀው ወጣት ነገርኩት። በቱቦዋ ውስጥ ናፍታው በአረፋ ተሞልቶ ሲያልፍ ወጣቱ ጎንበስ ብሎ አይቶ «አቦ፣ አምቦ ውሃ መሰለ እኮ!» አለ። ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ጤነኛ መስመር ውስጥ ናፍታው አረፋ ሳይኖረው ጥርት ብሎ ነው የሚታየው።

አየሩ ከየት እንደሚገባ ለመለየት አጭሩ ዘዴ ጀሪካን ነው። አዲስ ናፍታ የተሞላ ንጹሕ ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ ተደርጎ ይቀመጥ፣ ወደ ፊልትሮው የሚገባው ቱቦ ከታንኩ መስመር ተነቅሎ ጀሪካኑ ውስጥ ይግባ፣ መመለሻውም እንደዚሁ። በጀሪካኑ ከተነሳ ጥፋቱ ከፊልትሮው ወደ ኋላ፣ ማለትም በታንኩና በመስመሩ ላይ ነው፤ በጀሪካኑም አረፋው ካልጠፋ ከፊልትሮው ራስ ወደ ፊት ይፈለግ። እኛ በጀሪካኑ አረፋው ጠፋ፤ ተመልሰን መስመሩን በእጃችን እየዳበስን ስንሄድ፣ ከሻንሲው ጥግ የብረቱን ቱቦ ከጎማው ጋር የምታገናኘው ቁራጭ ቱቦ ማሰሪያዋ ሥር ተሰንጥቃ ተገኘች።

ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ በውስጥ የቀረው አየር መውጣት አለበት። የእጅ ፖምፑ እስኪጠነክር ይገፋ፤ ከዚያም ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱት የብረት ቱቦዎች ነት፣ በብዙዎቹ በ17 ቁጥር ቁልፍ፣ ግማሽ ዙር ያህል ላላ ተደርጎ ናፍታ ያለ አረፋ እስኪረጭ ሞተሩ ይዙር። ሞተሪኖው በአንድ ጊዜ ከ15 ሴኮንድ በላይ አይሥራ፣ በመካከልም ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ ይረፍ። የሚረጨው ናፍታ ቆዳ የመብሳት ኃይል ስላለው እጅ እንዳይቀርብ። ይህ ሥራ የሚፈቀደው በድሮው ዓይነት ፖምፓ ላይ ብቻ ነው፤ በኮመን ሬይል ሞተሮች (ናፍታው በጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት ተከማችቶ በሚረጭባቸው)፣ ለምሳሌ በቅርብ ጊዜዎቹ ሃይሉክሶች ላይ፣ በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ስለሚደርስ ነቱን ማላላት በሕይወት መቀለድ ነው።

ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም

ነጩ ጭስ ናፍታው ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ ሳይቃጠል እንደወጣ ይናገራል። አስቀድሞ የሚጠየቀው ነዳጁ ራሱ ነው። ከፊልትሮው ሥር ያለው መክፈቻ ተፈትቶ ጥቂት ናፍታ ወደ ብርጭቆ ጠርሙስ ይውረድና ለግማሽ ሰዓት ሳይነካ ይቀመጥ። ውሃ ካለ ከናፍታ ስለሚከብድ ሥር ይዘቅጣል፤ ግማሽ ባዶ ሆኖ በሚቆም ታንክ ውስጥ የቀን ሙቀትና የሌሊት ቅዝቃዜ ሲፈራረቁ ውሃ መጠራቀሙ የተለመደ ነው። በውሃውና በናፍታው ድንበር ላይ ጥቁር ንፍጥ የመሰለ ነገር ከታየ ረቂቅ ተሕዋስያን አብቅለዋል፤ ያ ታንክ ወርዶ ካልታጠበ አዲስ ፊልትሮ በሳምንት ውስጥ ይዘጋል። ናፍታ በጥሩ ሁኔታ የሚቆየው ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ነው፣ ሙቀትም ይህን ያሳጥራል። ጠቁሮ የቫርኒሽ ሽታ ያመጣውን በአዲስ ማቅጠን አይበቃም፤ ይፍሰስ።

ነዳጁ ደህና ከሆነ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ በቴስተር ይለኩ፤ ጤነኛ ካንዴላ 1 ኦም ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ መቋቋም ያሳያል፣ የተቃጠለው ጨርሶ አያገናኝም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ በመሆኗ፣ ግማሾቹ ካንዴላዎች ቢሞቱ እንኳ ጤነኛ ሞተር ይነሳላታል። መኪናው የደንገጎን ዳገት ወጥቶ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሐረር ሲያድር ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ማለዳው ይቀዘቅዛል፣ የአየሩ ግፊትም ከድሬዳዋው 8 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ ሲሊንደሩ የሚያምቀው አየር ያንኑ ያህል ይሳሳል። «ድሬ ላይ ይነሳል፣ ሐረር ላይ እንቢ ይላል» የሚል አቤቱታ ሲቀርብ ያረጀ ኮምፕሬሽንና የሞቱ ካንዴላዎች አብረው መጠርጠር አለባቸው። በመለኪያ ከ20 ባር በታች የሚያሳይ ሲሊንደር ደካማ ነው፤ ሆኖም ለረጅም ጊዜ የቆመ ሞተር ፋሻው ስለሚደርቅ በመጀመሪያው ቀን ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ስለሚችል፣ ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎበት እንደገና ሳይለካ ሞተር ለማውረድ አይወሰን።

እዚህ ላይ ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው ብዙ ጊዜ ቤንዚን በጨርቅ ነክሮ አየር መሳቢያው ላይ ይይዛል፣ ወይም የማስነሻ ስፕሬይ ይረጫል። ካንዴላው የጋለ ሞተር ውስጥ የገባ ስፕሬይ ያለ ጊዜው ፈንድቶ ፋሻና ፒስቶን ይሰብራል። ጎትቶ ማስነሳትም ዘይቱ ገና ወደ ላይ ያልወጣለትን ሞተር በኃይል ማዞር ነው፤ እኔ ሁለቱንም አላደርግም።

ጥቁር ጭስ እያወጣ የሚያንገራግር ከሆነ አየር አጥቷልና ወደ አየር ፊልትሮው ቤት ይመለሱ።

ፖምፓው የሚጠረጠረው መቼ ነው

ሶሌኖይዷ «ጠቅ» ብላ፣ ከጀሪካን የመጣው ንጹሕ ናፍታ ያለ አረፋ ፖምፓው ደጃፍ ደርሶ፣ ሞተሩም በቂ ፍጥነት እየዞረ፣ ከላሉት የኖዝል ነቶች አንዳቸውም ጠብታ ካላወጡ፣ ያን ጊዜ ፖምፓው ውስጥ የደረቀ ናፍታ ሙጫ ሆኖ መሳቢያውን ወይም ፕለንጀሩን (ናፍታውን የሚገፋውን ዘንግ) ይዞታል ማለት ይቻላል። ከመፍታት በፊት አንድ ዕድል ይሰጠው፦ በናፍታ ማጽጃ ፈሳሽ የተቀላቀለ አዲስ ናፍታ በመግቢያው ተሞልቶ አንድ ሌሊት ይደር፣ በማግሥቱም ሞተሩ አስቀድሞ በእጅ፣ ቀጥሎ በሞተሪኖ ይዙር። ይህም ካልሠራ ፖምፓው ይውረድ፤ ሲወርድ ግን ቡሎኖቹ ከመላላታቸው በፊት የፖምፓው አካልና የተቀመጠበት ፊት የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሲመለስ በዚያው ቦታ እንዲገጥም በስለታም ብረት አንዲት መስመር ይሰመር፣ የእያንዳንዱ ቱቦ አፍም ወዲያው በንጹሕ ክዳን ይዘጋ።